ለብቻ የማይመጣ እንቅልፍ

ለሚ ኩራ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ሚስባህ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናዎ እንዴት ነው? ባሉበት አገር አላህ ከክፉ ሰውና ከክፉ ሰዓት ይሰውርዎ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሣራ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች። የፊት ጥርሶቿ ስለወለቁ የገዛ ስሟን መጥራት አቅቷት ታስቃለች።

ደብዳቤ መጻፌ ይገርምዎ ይሆናል። በዚህ ዘመን ማን ወረቀት ይልካል ይሉ ይሆናል። በስልክ ስንገናኝ ግን የጀመርኩትን ሳልጨርስ ሱቅዎ ደንበኛ ይመጣል። «ቆይ ራህማ» ብለው ሄደው እስኪመለሱ ድረስ እኔ ወይ ወሬውን እረሳዋለሁ፣ ወይ ፈርቼ እተወዋለሁ። ወረቀቱ ደንበኛ እስኪሄድ ባንኮኒው ላይ ይጠብቅዎታል። ያፌት ከወሎ ሰፈር ልብስ እየያዘ እናንተ ዘንድ ስለሚመላለስ በእሱ እጅ ልኬልዎታለሁ።

የምጽፈው ስለ ወንድምዎ ነው። ወሎ ሰፈርን ለቅቀን እዚህ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ ሀይደር ዕረፍት የሚባል አያውቅም። ጎህ ሳይቀድ የፋብሪካ ሠራተኞች ሰርቪስ ያደርሳል። ቀኑን ሙሉ ከአያት መገናኛ፣ ከመገናኛ ቦሌ ታክሲ ይሠራል። አንዳንድ ማታ ደግሞ አትላስ ያለ ሆቴል ሠራተኞቹን አድርስልኝ ሲለው ይሄዳል። እሁድ የሠርግ አጃቢ ያጓጉዛል። ምሳውን መሪው ላይ ነው የሚበላው። ጁምዓ እንኳ ሰግዶ ሲወጣ የጫማውን ማሰሪያ ሳያስር ነው ወደ መኪናው የሚሮጠው።

ሠራተኛ ባል ስለሰጠኝ አላህን አመሰግናለሁ። እኔም የልጆች ልብስ ሱቅ ተቀጥሬ ቀኑን ቆሜ ነው የምውለው፤ የሥራን ነገር አውቃለሁ። የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው። ሀይደር ዓይኑን ገልጦ መተኛት ጀምሯል።

ባለፈው ሳምንት ሣራን ትምህርት ቤት ሊያደርሳት ጋቢና አስቀምጧት ወጣ። ትምህርት ቤቱን አልፎ ሄደ። «አባዬ፣ አለፍነው» አለችው። ዝም። ደግማ ጠራችው። ዓይኑ መንገዱን ያያል፣ እጁ መሪውን ይዟል፣ ግን አይሰማም። ጆሮውን ስትጎትተው ነው የባነነው። ማታ ይህን የነገረችኝ እየሳቀች ነው። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አኮረፍኩት። «እኔ ከተቀመጥኩ ይሄ ቤት ይቆማል ወይ?» ይላል። እርስዎ ከአገር ሲወጡ «ካሁን በኋላ የምትቆመው አንተ ነህ» ብለውት ነበር አሉ። ከእኔ ለቅሶ የእርስዎ አንድ ቃል ይበልጥበታል። ስለዚህ እለምንዎታለሁ፤ በሳምንት አንድ ቀን ቤትህ ዋል ይበሉት። ሌላ ምንም እንዳይልኩልን። ይህችን ብቻ።

አብሮዎት ለሚሠራው ለአብኔዘር ሰላምታዬን ይንገሩልኝ።

አክባሪዎ ራህማ


ጆሃንስበርግ
ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለራህማ፣

ወአለይኩም ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ቤታችሁን በበረካ ይሙላው፤ ሣራንም ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። ደብዳቤሽን ያፌት አድርሶልኛል። ጽሑፍሽ ያምራል። ነገሩ ግን አልገባኝም። ባሌ ይሰክራል፣ ይቅማል፣ ይመታኛል ብለሽ ብትከሽ ያን ጊዜ ወንድሜን ገሥጬ በጻፍኩ። ይሠራል ብለሽ ትከሺዋለሽ?

የእኛን ኑሮ ልንገርሽ። ሱቃችን ያለው ሎኬሽን በሚባለው የድሃ ሰፈር ነው። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው። የምንሸጠው በብረት ፍርግርግ ቀዳዳ ነው፤ የምንተኛውም እዚያው ከዕቃው ጀርባ ነው። እኔና አብኔዘር በተራ እንተኛለን፤ አንዳችን ስናሸልብ ሌላው መስኮቱ ላይ ነው። እሁድ የለም፣ በዓል የለም። ሥራ ሰው ሲገድል አላየሁም፤ ሥራ መፍታት ግን ስንቱን ሲያጠፋ አይቻለሁ። ማረፍ ጥሩ ግድግዳ ላለው ሰው ነው። እኛ ገና ግድግዳ አልሠራንም።

ለሀይደር በርታ ብሎሃል በይው። ጊዜው ያልፋል፤ ያን ጊዜ ሁላችንም እናርፋለን።

አብኔዘር ሰላም ብሎሻል። ልጁ የሆሳዕና ሰው ነው፤ እዚህ ያለው በርበሬ አላቃጥለው ብሎ ሚጥሚጣ አማረኝ እያለ ያስቸግረኛል። ያፌት ሲመለስ ትንሽ ብትልኪልን አላህ ይስጥሽ።

ወንድምሽ ሚስባህ


ለሚ ኩራ
ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ሚስባህ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ሰላምዎና ጤናዎ ብዝት ይበልልኝ። ሚጥሚጣውን ከዚህ ወረቀት ጋር ልኬያለሁ፤ ለአብኔዘር ትንሽ ትንሽ እያለ ይብላ ይበሉልኝ፣ በጣም ኃይለኛ ነው።

ትልቅ ሰው ነዎትና ቃልዎን ለሀይደር እንዳለ አነበብኩለት። በርታ ብሎሃል አልኩት። ደስ አለው። ወረቀቱን ከእጄ ተቀብሎ አጥፎ የመኪናው የፀሐይ መከላከያ ውስጥ ሰካው። በማግስቱ የአትላሱን ሆቴል በየማታው አደርሳለሁ ብሎ ውል ያዘ። አሁን «ተው» ስለው ጣቱን ወደ ላይ ይቀስራል፤ ወንድሜ ምን እንዳለ እዚያ አለልሽ ማለቱ ነው።

ጋሽ ሚስባህ፣ ይቅር ይበሉኝና አልተግባባንም። ሠራብኝ ብዬ አልከሰስኩም። ሊሞትብኝ ነው፣ ወይ ሰው ሊገድል ነው ብዬ ነው የጻፍኩት። በዚያች ሚኒባስ ውስጥ በየቀኑ ስንት እናት፣ ስንት ተማሪ ይሳፈራል።

ሣራን ከመኪናው አውርጃታለሁ። በጠዋት እጇን ይዤ በአውቶቡስ አደርሳታለሁ፣ ከዚያ ወደ ሱቄ እሮጣለሁ። በመጀመሪያ ሰበብ ፈጠርኩ፤ ሰዓቱ አይመቻትም አልኩ። አንድ ቀን ፌርማታ ላይ ቆመን በአጠገባችን ሲያልፍ አየን። መኪናውን ጥግ አስይዞ ወረደ። ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት ያየናል።

«ልጄን እኔ መኪና ላይ አታሳፍሪም?» አለኝ።

«አላሳፍርም» አልኩት።

ሌላ ነገር የሚናገር መስሎኝ ነበር። ሣራን ጉንጯን ሳማት፣ ተመልሶ ገባ፣ ሄደ። ከዚያን ቀን ወዲህ ቤት ሲመጣ ቆሞ ይበላል፣ ቆሞ ይጠይቃታል፣ ወዲያው ሰበብ ፈልጎ ይወጣል። አብረን የተቀመጥንበት ቀን መቼ እንደሆነ አላስታውስም። ከእንግዲህ እርስዎን ምን ብዬ እንደምለምንዎ አላውቅም። ዱዓ ያድርጉልን።

አክባሪዎ ራህማ


ጆሃንስበርግ
ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለራህማ፣

አሰላሙ አለይኩም። አላህ ይጠብቃችሁ። መልሱ ስለዘገየ አትቀየሚኝ። ሚጥሚጣው ደርሷል። ያፌት ሱቁ ድረስ እንዳይመጣ ነግሬዋለሁ፤ ካሁን በኋላ ከተማ ውስጥ ነው የምንገናኘው።

ብዙ የምጽፈው የለኝም። ሥራው በእኔ ብቻ ነው ያለው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሀይደር ቤት ሲተኛ በሩን የሚቆልፈው ማነው? ቁልፉ የማነው? ጣሪያችሁ ላይ ሰው መውጣት ይችላል? ፎቅ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን የመጨረሻው ፎቅ ላይ እንዳልሆናችሁ ንገሪኝ።

ይህን ስለጠየቅሁሽ ለሀይደር እንዳትነግሪው።

ሚስባህ


ለሚ ኩራ
የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ሚስባህ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አስቀድሜ ልንገርዎ፤ ሀይደር በሕይወት አለ። ማንም አልሞተም። አሁን ከመጀመሪያው ልንገርዎ።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ሣራን አድርሼ ስመለስ አውቶቡስ ጠፋ። ሱቅ ረፍዶብኝ ቆሜ ሳለ የሀይደር ሚኒባስ መጣች። ባሌ ነውና እምቢ ማለት አፈርኩ። ከሾፌሩ ጀርባ ካለው ወንበር ላይ አንድ ቦታ ነበረ፤ እዚያ ገባሁ። መኪናው ጢም ብሎ ሞልቷል። ሰው ሁሉ ዝም ብሏል፤ ግማሹ ተኝቷል፣ ግማሹ ስልኩን ያያል። እኔ መስታወቱ ውስጥ የሀይደርን ዓይን አያለሁ። ክፍት ነው። ክፍት ስለሆነ ተረጋጋሁ።

መገናኛ ሳንደርስ መንገድ የተቆፈረበት ቦታ አለ፤ የፍሳሽ ቱቦ ሊቀብሩ ሰው የሚውጥ ቦይ ከፍተዋል። መንገዱ ወደ ግራ ይታጠፋል፣ መኪናው ግን አልታጠፈም። ቀጥ ብሎ ሄደ። ፍጥነት አልጨመረም፣ አልተንገዳገደም፤ ልክ እዚያ የሚያደርስ መንገድ እንዳለ ሁሉ ቀስ ብሎ ወደ ቦዩ ሄደ። ዓይኑን አየሁ። አሁንም ክፍት ነው። ጮህኩ መሰለኝ፣ አላውቅም። ኮሌታውን ይዤ በሙሉ ኃይሌ ወደ ኋላ ሳብኩት። ባነነና ፍሬን ረገጠ። አንዱ የፊት ጎማ ቦዩ ላይ ተንጠልጥሎ ቆምን።

ሞተሩ ብቻ ይሠራል። ከዚያ አንዲት እናት ማልቀስ ጀመሩ፤ ክንዳቸው ወንበሩ ላይ ተመትቶ አብጧል። በኋለኛው በር አንድ በአንድ ወረድን። አንድ ጎረምሳ ወደ ሾፌሩ በር ሄዶ ሊመታው እጁን አነሣ። ሀይደር ከመኪናው ወርዶ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። ቀና ብሎ ልጁን አየውና «ምታኝ፣ እንዳልተኛ ምታኝ» አለው። ልጁ እጁን አወረደ።

እናትየውን ሐኪም ቤት ወሰድናቸው፤ አጥንታቸው ደህና ነው። የመኪናው ባለቤት ማሞ መጥቶ ሚኒባሷን ወሎ ሰፈር ወዳለው ጋራዥ አስጎተታት። ማሞ ክፉ ሰው አይደለም፣ ችኩል ነው። «እስክትሠራ ዕረፍ» ብሎት ሄደ።

ይኸው ዕረፍት የለመንኩት መጣልኝ። ምን ያደርጋል? ሀይደር አሁን ከነጭራሹ አይተኛም። ቤቱ ጸጥ ሲል ይንቀጠቀጣል። ምን ሆንክ ስለው «ጸጥ ሲል መንገዱ ይመጣብኛል» ይላል። ስለዚህ አይቀመጥም። የውኃ ተራ ሲደርስ የሕንጻውን ሰው ሁሉ ጄሪካን አራተኛ ፎቅ ድረስ ይሸከማል። ያልተበላሸ ቧንቧ ይፈታል። ደረጃውን ከላይ እስከ ታች ይጠርጋል። እኔ ሥራ ስሄድ ብቻውን ነው የሚውለው፤ ቀኑን ሙሉ ልቤ አብሮት ነው። ሮመዳንም እየመጣ ነው። በባዶ ሆድና ያለ እንቅልፍ እንዴት እንደሚሆን አላህ ይወቅ።

ስለ በሩ ለጠየቁኝ፦ የምቆልፈው እኔ ነኝ። የመጨረሻው ፎቅ ላይ አይደለንም። አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅዎ። ባለፈው ደብዳቤ ስለ አብኔዘር አንድ ቃል አልጻፉም። ሥራው በእኔ ብቻ ነው አሉ። ጋሽ ሚስባህ፣ አብኔዘር የት ነው?

ራህማ


ጆሃንስበርግ
መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለራህማ፣

ወአለይኩም ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ፆማችሁን አላህ ይቀበላችሁ። ወንድሜን በኮሌታው ይዘሽ ስላስቀረሽልኝ አላህ ምንዳሽን ይክፈልሽ። እኔ ልከፍልሽ አልችልም።

አብኔዘር በሕይወት አለ። ጥር መግቢያ ላይ በጠራራ ፀሐይ መጡብን። ሦስት ነበሩ። እኔ ከኋላ ዕቃ እደረድር ነበር፤ እሱ መስኮቱ ላይ ነው። የፍርግርጉን በር ዳቦ ለሚያመጣው ሰው ከፍቶለት ነበር፤ እነሱም ዳቦውን ተከትለው ገቡ። ምንም አልተናገረም፣ አልታገለም። ትከሻው ላይ ተኮሱበት። የፈለጉትን ወስደው ሄዱ። አብኔዘር መሬት ላይ ወድቆ «ጋሼ፣ በሩን ዝጋው» ነበር የሚለኝ። ሐኪም ቤት ብዙ ሰነበተ። ሲሻለው ደርባን ያሉ የአገሩ ልጆች ወሰዱት። ወደዚህ ሱቅ አልመለስም ብሏል፤ አልፈርድበትም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ብቻዬን ነኝ። የሚጠብቀኝ ስለሌለ አልተኛም። የጣሪያው ቆርቆሮ ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ በዚያ ሁሉ ድምፅ ሰው የረገጠው ይመስለኛል። ስለዚህ ሬዲዮ ከፍቼ እውላለሁ፣ ከፍቼ አድራለሁ። ቋንቋውን አላውቀውም። ቢሆንም ሰው ያወራል። ደንበኛ መስኮቱ ላይ ሲቆም አልፈራም። ደንበኛው ዞር ሲል ልቤ ይመታል። ሱቁን የማልዘጋው ለትርፍ እንዳይመስልሽ። ስዘጋው የሚመጣውን ዝምታ ፈርቼ ነው።

ሥራ ሰው ሲገድል አላየሁም ብዬ ስጽፍልሽ ቆሜ እያንቀላፋሁ ነበር።

«ጸጥ ሲል መንገዱ ይመጣብኛል» ማለቱን አነበብኩ። ለካ ሁለታችንም አንድ ሆነናል። ሀይደርን እንዲያርፍ ይዘዙልኝ ብለሽኝ ነበር፤ ለእሱ አንዲት መስመር ከታች ጽፌያለሁ፤ ቆርጠሽ ስጪው። ስለ እኔ ንገሪው አልልሽም፣ አትንገሪውም አልልሽም። አንቺ ታውቂያለሽ።

በርበሬም ሚጥሚጣም አትላኪ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። አንድ ቀን፣ ሳትሠሩ ሳትሯሯጡ አብራችሁ ቁጭ ካላችሁ፣ እንዴት እንደተቀመጣችሁ ጻፊልኝ። ማን የት እንደተቀመጠ፣ ምን እንደሚሰማ። እኔ ረስቼዋለሁ።

ሚስባህ

ሀይደር፣ ወንድሜ፣ ተቀመጥ። እኔ ነኝ ያልኩህ። ሚስባህ።


ለሚ ኩራ
ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ሚስባህ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንኳን ከዒድ በሰላም አደረሰዎ። አላህ በዚያ ቆርቆሮ ቤት ላይ መላእክቱን ያቁምልን።

ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ለሀይደር ሁሉንም ነገርኩት። ሳልነግረው ብቀር አንቺም ደበቅሽኝ እንደሚለኝ አውቃለሁ። ከታች ያለችውን መስመር ደጋግሞ አነበባት። ከዚያ «ቁጭ ማለቱን እሺ፣ እንዴት ነው ቁጭ የሚባለው?» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔም አላውቅም። ተቀመጥ ስለው ይቀመጣል፤ ጉልበቱ ግን መንቀጥቀጡን አይተውም። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ ልቤ ሽንኩርቱ ጋ፣ ልብሱ ጋ፣ የነገው ሥራ ጋ ነው። ሁለት ፈሪ ተያይቶ ምን ይሆናል?

የጠየቁኝን የምጽፍልዎ በጎረቤታችን በእትዬ ፀሐይነሽ ምክንያት ነው። እትዬ ፀሐይነሽ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ከእኛ ፊት ለፊት ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ዘንድሮ የእሳቸው ሁዳዴና የእኛ ሮመዳን ስለተገናኘ ሁላችንም ፆመኛ ነበርን። ሀይደር ውኃቸውን ስለሚያወጣላቸው ይወዱታል። አንድ ጁምዓ ከሰዓት እኔ ፈቃድ ወስጄ ቤት ሳለሁ በርጩማቸውን ይዘው መጡ። ሀይደር ወዲያው ተነሥቶ ምን ልርዳዎ አላቸው።

«ምንም። ቤቱ ብቻዬን ከብዶኝ ነው። ከእናንተ ጋር ልቀመጥ» አሉት።

ተቀመጡ። እንግዳ ሲመጣ የሚቀርብ ነገር የለም፣ ሁላችንም ፆመናል። የሚወራም ነገር አላመጡም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ዝም። ሀይደር ተነሣ፣ መስኮት ከፈተ፣ ዘጋ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሣ። አንዴም ተቀመጥ አላሉትም። ትንሽ ቆይተው ተነሥተው ሄዱ። በሚቀጥለውም ቀን መጡ። ከዚያም በየቀኑ። እኔ ሥራ ስሆንም እየመጡ ከእሱ ጋር ይቀመጡ ጀመር። እኔ ያፈርኩ ጊዜ «ለእናንተ ብዬ እንዳይመስልሽ፣ ለራሴም ነው» አሉኝ።

ከዒድ በኋላ ባለው ጁምዓ የሆነውን ልንገርዎ። ሀይደር ሰግዶ መጥቷል። እሱ ወለሉ ላይ ምንጣፉ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ተቀመጠ። እትዬ ፀሐይነሽ በር አጠገብ በርጩማቸው ላይ። እኔ ፍራሹ ጫፍ ላይ። ሣራ መሐላችን በሆዷ ተኝታ የምንጣፉን ክር ትቆጥራለች። ቴሌቪዥኑን አጥፍተን ስልኮቹን ድምፅ ነሥተናል። የሚሰማው፣ ታች ግቢ ውስጥ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ ራቅ ብሎ ከሚሠራው ሕንጻ መዶሻ ይሰማል፣ ደግሞ ይቆማል። አንዳንዴ አውሮፕላን ወደ ቦሌ ሲወርድ መስኮቱ ይነዝራል።

መጀመሪያ የሀይደር ጉልበት መንቀጥቀጥ አቆመ። አየሁ፣ ግን እንዳየሁ እንዳያውቅ ዓይኔን መለስኩ። ከዚያ ትንፋሹ ረዘመ። ቀስ ብዬ ሳየው ጭንቅላቱ ግድግዳው ላይ፣ አፉ ትንሽ ተከፍቶ፣ ዓይኑ ተከድኖ። ተከድኖ፣ ጋሽ ሚስባህ። ያን የተከደነ ዓይን ሳይ ለካ ዓመቱን ሙሉ እሱን ነበር የምጠብቀው።

እዚህ ላይ በሩ ተንኳኳና ማሞ ገባ። ሚኒባሷ ከጋራዥ መውጣቷን ሊነግረው በሩ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስሙን ሊጠራ ሲል ሣራ ጣቷን አፏ ላይ አደረገች። ማሞ እኛን አየ፣ ሀይደርን አየ። ሊመለስ ነው ብዬ ነበር። ኮፍያውን አወለቀ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ካለበት ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። አራታችን እንዳንቀሰቅሰው ፈርተን እንደ ሐውልት ሆንን። እግሬ ደነዘዘ፣ አላነሣሁትም። ማሳል የፈለገው ማሞ ዓይኑ እስኪቀላ ታገለ። ቆየት ብሎ እሱም አንቀላፋ፤ እትዬ ፀሐይነሽ በመሐረባቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

ሀይደር የነቃው ፀሐይዋ ወደ ግድግዳው ከዞረች በኋላ ነው። አልደነገጠም። ዙሪያውን አየ። «ሁላችሁም እዚህ ነበራችሁ?» አለ።

«ነበርን» አልኩት።

«መንገዱ አልመጣብኝም» አለ። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ሣራ ሄዳ ጭኑ ላይ ወጣች።

አሁን ወደ ሥራው ተመልሷል። የአትላሱን ውል ትቷል። የፋብሪካውን ሰርቪስ ለሌላ ሾፌር ሰጥቷል። ጁምዓ ከሶላት በኋላ መኪናው ቆማ ትውላለች። ማሞ ተነጫነጨ፣ ግን ከዚያ ቀን በኋላ እምቢ የሚልበት ፊት አልነበረውም፤ ባለፈው ጁምዓ እሱም መጣ። ዳንኩ አልልዎትም። ሀይደር መኪና ሲይዝ አሁንም ልቤ አብሮት ይሄዳል። ስልኬ ሲጮህ አሁንም እደነግጣለሁ። አሁን ግን ሲመለስ ይቀመጣል።

አሁን ይበልጥ የሚያስፈሩኝ እርስዎ ሆኑ። ጋሽ ሚስባህ፣ ያንን ሱቅ ለአንድ ከሰዓት ዘግተው ሰው ያለበት ቦታ ይቀመጡ። ትልቅ ሰውን አያዝዙም፤ ይህን ግን እንደ ትእዛዝ ይቁጠሩልኝ።

ልጅዎ ራህማ


ጆሃንስበርግ
ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለራህማ፣

ወአለይኩም ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እህቴ ስልሽ ኖሬ አንቺ ልጅዎ ብለሽ ፈረምሽ፤ ስለዚህ ልጄ ብያለሁ። አላህ ያንን ምንጣፍና በላዩ የተቀመጡትን ሁሉ ይጠብቅ። የእትዬ ፀሐይነሽን እጅ ሳሚልኝ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ በኋላ ብዙ ጁምዓ አለፈ። በየሳምንቱ እዘጋለሁ እላለሁ፣ በየሳምንቱ ቁልፉን ስይዝ እጄ እምቢ ይለኛል። ዝግ ሱቅ ባዶ ነው ብለው ይሰብሩታል እላለሁ። ከውስጥ ቆልፌ ልቀመጥ ብል ደግሞ ጣሪያው አለ። ባለፈው ጁምዓ ግን ቆሜ ዳቦ ስሰጥ ዳቦው ከእጄ ወደቀ፤ የገዛችው ሴት ስሜን እየጠራች እኔ አልሰማሁም። ዓይኔ ክፍት ነበር አለችኝ። የሣራ ነገር ትዝ አለኝና ፈራሁ። ከጣሪያው ይልቅ ያ አስፈራኝ። ሬዲዮውን አጠፋሁ፣ ቆለፍኩ፣ ሄድኩ።

መስጊዱ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ሶማሌው፣ ማላዊው፣ የአገራችንም ሰው እዚያ ይሰግዳል። ሰግደን ስንጨርስ ሰው ወጣ፤ እኔ ልነሣ አልቻልኩም። አንድ ዓምድ ተደግፌ ተቀመጥኩ። ከጎኔ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከየት አገር እንደሆኑ አላውቅም። የሚናገሩት ቋንቋ አይገባኝም፣ የኔም አይገባቸውም። ጥቂት ሰዎች ደግሞ ወዲያ ማዶ ቁጭ ብለዋል። ምንም አይሠሩም፣ አያወሩም። እንዳንቺ ለማየት ሞከርኩ፤ ማን የት እንደተቀመጠ፣ ምን እንደሚሰማ። ማራገቢያው ሲዞር ይሰማል። ሰው ሲተነፍስ ይሰማል።

ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም። ስነቃ ምንጣፉ ላይ በጎኔ ተኝቻለሁ፣ ላዬ ላይ የሰው ጃኬት አለ፣ የከሰዓቱ የዐስር ሶላት አዛን እየተባለ ነው። ዘልዬ ተነሣሁ። ሽማግሌው እዚያው ናቸው። ጃኬታቸውን ስሰጣቸው በጣታቸው ወደ እኔ ጠቆሙና ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ከዚያ ወደ ራሳቸው ጠቆሙና ዓይናቸውን ገልጠው አሳዩኝ። አንተ ተኝተህ ነበር፣ እኔ ነቅቼ ነበር ማለታቸው ነው።

ሰግጄ ወደ ሱቁ ሮጥኩ። መንገዱን ሁሉ የተሰበረ በር እያየሁ ነው የሄድኩት። ጓጉንቸሩ እንደተንጠለጠለ ነው። ጣሪያው አልተነካም። አንዲት ልጅ ስኳር ልትገዛ መስኮቱ ላይ ቆማ ነበር። ቁልፉን አወጣሁ። ራህማ፣ እንዳልዋሽሽ፣ ጣሪያው ያን ጊዜም ጮኸ፣ ልቤም መታ። ልጅቷን ነገ ነይ አልኳትና ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ወደ ሽማግሌው ተመለስኩ። እስኪመሽ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። እሳቸው ሲያንቀላፉ እኔ ነቅቼ ጠበቅኋቸው።

ሚስባህ